የቆስጣ ቅጠል ሲንሳፈፍ፦ ብርሃን አስተፃምሮን በቤት ዕቃ መለካት

ቅጠል በብርሃን ጉልበት ምግብ ሲሠራ፣ ማለትም ብርሃን አስተፃምሮ ሲያካሂድ፣ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ሥራው ግን ሁለት ምልክት ይተዋል፤ አንዱ ወደ ውጭ የሚወጣው ኦክስጅን፣ ሌላው ቅጠሉ ውስጥ የሚከማቸው ስታርች ነው። ኦክስጅኑን በሩብ ሰዓት ገደማ ማየት ይቻላል፤ ስታርቹ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሁለቱ ሙከራዎች ከጉልት በሚገዛ ቆስጣ፣ በማሰሮ በበቀለ ተክል፣ ከሱቅ በሚገኝ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ ሲሪንጅ፣ አልኮልና አዮዲን ይሠራሉ። ማይክሮስኮፕም ቤተ ሙከራም አይጠይቁም። የማይዘለለው ነገር ማነጻጸሪያው ብርጭቆ፣ ማለትም ብርሃን ወይም ሶዳ የተነፈገው፣ ነው። እሱ ከሌለ ቅጠሉ ለምን እንደተንሳፈፈ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

የሚለካው ምንድን ነው?

ብርሃን አስተፃምሮ በሁለት ደረጃ ይካሄዳል፤ ሁለቱም የሚካሄዱት ክሎሮፕላስት በሚባሉት አረንጓዴ የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ቦታው ታይላኮይድ የተባሉት ስስ ሽፋኖች ናቸው። ሐመልሚል (ክሎሮፊል)፣ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ይለቃል፣ የጎደለበትንም ከውሃ ወስዶ ይተካል። ውሃው ሲሰነጠቅ ኦክስጅን ይወጣል። የሃይድሮጅን አዮኖች ደግሞ በሽፋኑ አንድ ወገን ይጠራቀሙና ወደ ሌላው ወገን ሲያልፉ ኤቲፒ የተባለው ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል ይሠራል። ኤሌክትሮኖቹ መጨረሻ ላይ ኤንኤዲፒኤች በተባለው ሞለኪውል ይያዛሉ። የብርሃን ጉልበት ኬሚካላዊ ጉልበት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ስኳሩ ገና አልተሠራም። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለማውጣት 2 የውሃ ሞለኪውሎች መሰንጠቅ፣ 4 ኤሌክትሮኖች መንቀሳቀስ፣ ቢያንስ 8 ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) መያዝ አለባቸው።

ሁለተኛው ደረጃ የሚካሄደው በሽፋኖቹ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዛል፤ ከዚያ ኤቲፒውና ኤንኤዲፒኤቹ ወደ ስኳር ለመቀየር ይውላሉ። ለአንድ ግሉኮስ 18 ኤቲፒ እና 12 ኤንኤዲፒኤች ይፈጃል። መንገዱን ጨረር በሚያመነጨው ካርቦን 14 ተከትለው የደረሱበት ሜልቪን ካልቪን፣ አንድሪው ቤንሰንና ጄምስ ባሻም ሲሆኑ፣ ካልቪን በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ይህ ደረጃ ብርሃንን በቀጥታ አይጠቀምም፤ ይሁን እንጂ ሌሊት አይሠራም። ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች ከመጀመሪያው ደረጃ ካልመጡለት ወዲያው ይቆማል፤ ከኢንዛይሞቹም አንዳንዶቹ የሚነቁት ብርሃን ሲኖር ነው።

በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ቀመር 6 ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና 6 ውሃ ተዋህደው 1 ግሉኮስ እና 6 ኦክስጅን ይሰጣሉ ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሆኖም ኦክስጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ የወጣ ያስመስላል። የሚወጣው ኦክስጅን በሙሉ ከውሃ ነው። ሳም ሩበንና ማርቲን ኬመን ይህንን በ1941 ክብደቱ 18 በሆነ ኦክስጅን አሳይተዋል። ስድስት የኦክስጅን ሞለኪውል 12 አተም ስለሆነ፣ በእውነቱ የሚሰነጠቀው 12 ውሃ ነው፤ 6 ውሃ ደግሞ በሌላ በኩል ተመልሶ ይሠራል። የመጀመሪያው ሙከራ የሚለካው ይህንን ከውሃ የወጣ ኦክስጅን ነው።

ሙከራ አንድ፦ የሚንሳፈፉ ክቦች

በቅጠል መሐል ባሉ ሕዋሳት መካከል አየር የሞላባቸው ክፍተቶች አሉ። ቅጠል ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በእነሱ ምክንያት ነው። አየሩን አስወጥተን ቦታውን ፈሳሽ ካስያዝነው ይሰምጣል። ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅን እያመረተ ክፍተቶቹን መልሶ ይሞላና ወደ ላይ ይወጣል። የሚወጣበት ፍጥነት የብርሃን አስተፃምሮው ፍጥነት መለኪያ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ትኩስ ቆስጣ ወይም ስፒናች፣ መርፌው የተነሳለት አዲስ የ10 ወይም የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ የወረቀት መብሻ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሦስት ጠርዘ ቀጥ ብርጭቆዎች፣ ፎይልና ሰዓት። ወረቀት መብሻ ከሌለ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ስትሮ ካርቶን ላይ ተጭኖ ሲዞር ተመሳሳይ ክብ ይቆርጣል።

ፈሳሹን ለማዘጋጀት በ1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ውስጥ 2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ሚዛን ከሌለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ አፉ የተስተካከለ ማለት ነው። ሶዳው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንጭ ነው፤ በውሃ ውስጥ ያለው ቅጠል ከአየር በቂ ስለማያገኝ ባይካርቦኔቱ ይተካለታል። በአንድ ብርጭቆ 1 ጠብታ ሳሙና ጨምሩና አረፋ ሳይነሳ በዝግታ አማስሉ። ሳሙናው ውሃን የሚገፋውን የቅጠሉን ሰማም ገጽ ያረጥበዋል፤ ያለ እሱ ፈሳሹ ወደ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሙከራ ይበላሻል፤ ምክንያቱ የቤኪንግ ፓውደር ጣሳ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ሶዳ ብቻ ሳይሆን ደረቅ አሲድና ስታርችም አለበት። ውሃ ሲነካው ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ከክቦቹ ሥር ይለጠፍና በጨለማም ቢሆን ያንሳፍፋቸዋል። የያዛችሁት ዱቄት በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚፈላ ከሆነ ተዉት።

ጉልት ላይ በጥላ የዋለ ቆስጣ ስቶማታው፣ ማለትም አየር የሚገባባቸው የቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቁረጣችሁ በፊት አገዳውን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃን ላይ አቁሙት። ከዚያ ወፍራሙን ነጭ ጅማት እየሸሻችሁ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 10 ክብ ቁረጡ። ጅማት ያለበት ክብ ከሌሎቹ ስለሚከብድ ውጤቱን ያዛባል።

የሲሪንጁን መግፊያ አውጥታችሁ ክቦቹን አስገቡ፤ መግፊያውን መልሳችሁ ቅጠሉን ሳትጨፈልቁ አየሩን አስወጡ። ከፈሳሹ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሳቡና ክቦቹ እንዲበታተኑ መታ መታ አድርጉት። አፉን በጣት ደፍናችሁ መግፊያውን ወደ ኋላ ሳቡና 10 ሰከንድ ያህል ያዙ። ከክቦቹ ጠርዝ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ይታያል፤ ያ ከቅጠሉ የሚወጣው አየር ነው። ሲሪንጁን እያነቃነቃችሁ መግፊያውን ልቀቁ፤ ፈሳሹ ወደ ክፍተቶቹ የሚገባው በዚህ ቅጽበት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲደገም ክቦቹ ይሰምጣሉ። ከዚያ በላይ መደጋገም ሕዋሳቱን ይጎዳል፤ የተጎዳ ክብ ጠቆር ብሎ ውሃ የተነከረ ይመስላል፣ ብዙውን ጊዜም ተመልሶ አይነሳም። ከሦስት ጊዜ በኋላ የማይሰምጥ ካለ ጉልበት ከመጨመር አንድ ጠብታ ሳሙና መጨመር ይሻላል።

አሁን ሦስቱ ብርጭቆዎች። በመጀመሪያው ብርጭቆ የሶዳው ፈሳሽ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ኖሮት 10 ክቦች ብርሃን ላይ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ተመሳሳይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ በፎይል ይጠቀለላል። ሦስተኛው ብርሃን ላይ ይቀመጣል፣ ሶዳ ግን የለበትም፤ ውሃውና ሳሙናው ብቻ ነው። ለሦስተኛው 10 ደቂቃ የፈላና እስከ አፉ በተሞላ ክዳን ባለው ዕቃ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ፤ ክቦቹን ስታሰምጡም በዚሁ ውሃ ይሁን። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ በተፈጥሮው ባይካርቦኔት ስለሚኖረው ቢፈላም ጥቂት ክብ ሊያነሳ ይችላል። ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ፣ ከተገኘ የበለጠ ነው። ስትገዙ ግን ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይቀያየር አደራ።

ብርሃኑ ከ10 ዋት በላይ የሆነ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ወይም ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ ከሆነ ብርጭቆዎቹን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙ፤ ካልሆነ ውሃው ይሞቅና የለካችሁት ብርሃንን ይሁን ሙቀትን አይታወቅም። በየደቂቃው የተንሳፈፉትን ቁጠሩ፣ መዝግቡ፣ ከዚያ ብርጭቆውን በቀስታ አወዛውዙ፤ ታች የተለጠፉና እርስ በርስ የተጣበቁ ክቦች እንዲለያዩ ነው። ውጤቱ የሚጻፈው ግማሾቹ፣ ማለትም 5 ክቦች፣ በተንሳፈፉበት ደቂቃ ነው። የመጨረሻዋን ክብ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ምናልባት የተጎዳች ወይም ጅማት ያለባት ናት። በጥሩ ብርሃን የቆስጣ ግማሹ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይነሳል። በክረምት ደመና ሲከብድ ደግሞ ይዘገያል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አምፖል ከፀሐይ ይልቅ ይታመናል።

ከፍሪጅ የወጣ ውሃ አትጠቀሙ። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ አየር ይሟሟበታል፤ አምፖሉ ሲያሞቀው አየሩ አረፋ ሆኖ ይወጣና ክቦቹን ያነሳል። የፎይሉ ብርጭቆ ክቦች ከተነሱ ምክንያቱ ይሄ ወይም ቀደም ብለን ያልነው ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ በብርሃኑ ብርጭቆ ያገኛችሁትም ውጤት አብሮ ይጣላል።

ሁሉም ከተንሳፈፉ በኋላ አምፖሉን አጥፍታችሁ ብርጭቆውን በካርቶን ሸፍኑ። በየ5 ደቂቃው ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩ ክቦቹ ቀስ በቀስ ይሰምጣሉ፤ ሕዋሳቱ በትንፈሳ ኦክስጅኑን መልሰው ስለሚጠቀሙበት ነው። ትንፈሳ በብርሃንም ጊዜ አይቆምም። ስለዚህ በብርሃን የለካችሁት የተመረተውን ኦክስጅን ሁሉ ሳይሆን ከትንፈሳ የተረፈውን ነው።

ምን መቀያየር ይቻላል

ርቀት ከሁሉም ቀላሉ ነው። አምፖሉን በ15፣ በ30 እና በ60 ሴንቲ ሜትር አድርጉና አነጻጽሩ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በጣም ሲቀርብ ደግሞ ፍጥነቱ መጨመር ያቆማል። እዚያ ላይ ያነሰው ብርሃን ሳይሆን የሩቢስኮ ሥራ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። የሶዳውን መጠን በእጥፍ ጨምራችሁ ፍጥነቱ ከተነሳ የጎደለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር ማለት ነው።

ሙቀትን ለመቀያየር ለሦስት ብርጭቆዎች ሦስት ሳፋ ይበቃል፤ በረዶ ያለበት፣ የክፍል ሙቀት ያለው፣ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ። እዚህ ቀዝቃዛው እንዳይሞቅ በረዶውን መተካት አይዘንጋ።

ባለቀለም ሴሎፎን የሚወደድ ሙከራ ነው፤ ውጤቱን ግን በጥንቃቄ አንብቡ። ሐመልሚል አብዝቶ የሚይዘው ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ነው፤ ሐመልሚል ኤ የተባለው ዓይነት በ430 (ሰማያዊ) እና በ662 (ቀይ) ናኖ ሜትር አካባቢ አብዝቶ ይይዛል። ቴዎዶር ኤንግልማን በ1882 ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎች አልጌ በተባለ የውሃ አረንጓዴ ላይ በሰማያዊና በቀይ ብርሃን አካባቢ ሲሰበሰቡ አይቶ ይህንን አሳይቷል። ከዚህ ተነስቶ አረንጓዴ ብርሃን ለቅጠል ምንም አይጠቅምም ማለት ግን ስህተት ነው። ሙሉ ቅጠል የሚደርሰውን አረንጓዴ ብርሃን አብዛኛውን ይይዛል፤ በሕዋሳቱ መካከል እየተንጸባረቀ ብዙ ጊዜ ስለሚያልፍ። በዚያ ላይ ሴሎፎን ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የብርሃኑንም መጠን ይቀንሳል። በአረንጓዴ ሴሎፎን ሥር ክቦቹ ቢነሱ ሙከራው አልከሸፈም።

ሙከራ ሁለት፦ ስታርች

ቀን የተሠራው ስኳር ከፊሉ በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ስታርች ሆኖ ይቀመጣል፤ ሌሊት ተሰባብሮ ወደ ሌሎች የተክሉ ክፍሎች ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያለውን ማስጨረስ ያስፈልጋል። በማሰሮ ወይም በቆርቆሮ ያለ የባቄላ፣ የአደንጓሬ ወይም የጄራንየም ተክል 48 ሰዓት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ውሃ ይጠጣ፣ ብርሃን አይግባበት። ሽንኩርት አይሆንም፤ በቅጠሉ ውስጥ ስታርች አያከማችም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቅጠል መሐሉን በፎይል ከላይም ከታችም ሸፍናችሁ በወረቀት መያዣ ያዙት፤ ተክሉን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ አድርጉት። አፈሩ ከደረቀ ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ስቶማታውን ይዘጋል፣ ስታርቹም ይሳሳል፤ ጠዋት አጠጡት።

ቅጠሉን ቀንጥሱ፣ ፎይሉን አንሱ፣ በፈላ ውሃ 1 ደቂቃ ቀቅሉ። ይህ ሕዋሳቱን ይገድላል፣ ኢንዛይሞቹን ያስቆማል፣ አዮዲን እንዲገባም መንገድ ይከፍታል። ቀጥሎ ሐመልሚሉ ይወገዳል። እሳቱን አጥፉ። አልኮል በነበልባል ወይም በጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በፍጹም አይሞቅም፤ ትነቱ ይቀጣጠላል። ቅጠሉን በትንሽ ብርጭቆ አድርጋችሁ እስኪሸፈን አልኮል ጨምሩና ብርጭቆውን ከምድጃው የወረደ ትኩስ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሙ። ኢታኖል የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ከእሳት የወረደው ውሃ ሙቀት ይበቃል። መስኮት ክፈቱ። 96 ከመቶ አልኮል ቅጠሉን በ10 ደቂቃ ገደማ ነጭ ያደርገዋል፤ 70 ከመቶው ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። አረቄ ውሃው ስለሚበዛ አይመከርም።

ነጭ የሆነው ቅጠል ተሰባሪ ነው። ለብ ባለ ውሃ አለስልሱት፣ ነጭ ሰሐን ላይ ዘርጉት፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ አዮዲን አንጠባጥቡበት፤ ቀለሙ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ይቅጠን። ያልቀጠነ አዮዲን ራሱ ጥቁር ስለሆነ ስታርች ያለበትንም የሌለበትንም አንድ ያስመስላል። ቢታዲንም በደንብ ከቀጠነ ያገለግላል። በሁለት ሦስት ደቂቃ ብርሃን ያገኘው ቦታ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ በፎይል የተሸፈነው የአዮዲኑን ቢጫ ቡናማ ቀለም ይይዛል። የተሸፈነውም ከጠቆረ ተክሉ ጨለማ ውስጥ በቂ ጊዜ አልቆየም። ሁሉም ቡናማ ከሆነ ፀሐዩ አንሷል ወይም ሐመልሚሉ ሳይወጣ ቀርቷል።

ጤፍና በቆሎ

ሩቢስኮ አንድ ድክመት አለው፤ አንዳንዴ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ ኦክስጅን ይይዛል። ሙቀት ሲጨምር ይህ ስህተት ይበዛል፣ የተሠራው ካርቦንም ከፊሉ ይባክናል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ቡና፣ እንሰት ይህንን ኪሳራ ይከፍላሉ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በመጀመሪያ በሌላ ኢንዛይም ይይዙትና በጅማቶቹ ዙሪያ ወዳሉ ሕዋሳት ያስገቡታል፤ ሩቢስኮ እዚያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከቦ ይሠራል። የበቆሎ ቅጠልን በስታርች ሙከራ ብታዩት ጥቁሩ ቀለም በጅማቶቹ ዙሪያ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፤ ማጉያ መነጽር ካለ ግልጽ ይሆናል። ለክቦቹ ሙከራ ግን በቆሎ አይመረጥም። ለጋው ቅጠል ሰም ስለሚበዛበት ፈሳሹን ማስገባት ያስቸግራል፤ የጤፍ ቅጠል ደግሞ ለመብሻ ይጠባል።

ልዩነቱ በቁጥርም ይገለጻል። ለ1 ሞል (የኬሚስቶች የሞለኪውል መቁጠሪያ) ግሉኮስ ቢያንስ 48 ሞል ፎቶን ያስፈልጋል። በ680 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን ሲሰላ ይህ ወደ 8,450 ኪሎ ጁል ሲሆን፣ በግሉኮሱ ውስጥ የሚቀመጠው 2,870 ገደማ ነው፤ 34 ከመቶ። ከፀሐይ ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ካለው ጠቃሚ ክልል ውጭ ነው። ነጸብራቅ፣ ትንፈሳና የሩቢስኮ ስህተት ሲቀነሱ፣ በስሌት የተደረሰበት ጣሪያ ለእነ ስንዴ 4.6 ከመቶ፣ ለእነ በቆሎ 6 ከመቶ ነው። እርሻ ላይ የሚገኘው ከዚህም ያንሳል።

ቫዝሊን

የስታርቹን ሙከራ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ማዞር ለሚፈልግ ርካሹ መንገድ ቫዝሊን ነው። ከ48 ሰዓት ጨለማ በኋላ የቅጠሉን ግማሽ በሁለቱም ገጽ በስሱ ቀቡት፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ አየር ግን በስቶማታ አያስገባም። ፀሐይ ከጠገበ በኋላ የተቀባው ግማሽ በአዮዲን ሳይጠቁር ይቀራል፤ ድንበሩ ላይ ጋዝ ከጎን ስለሚገባ ትንሽ ይደበዝዛል። ቫዝሊኑን ከመቀቀላችሁ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ጠርጉት፤ ካልተጠረገ አዮዲኑንም ይከለክላል፣ ስታርች ያለበት ቦታም የሌለበት ይመስላል። ይህ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፀሐይ ላይ ሲውል ያልተቀባ ሌላ ቅጠል ከቀነጠሳችሁ በኋላ ግማሹን ቀብታችሁ በተመሳሳይ መንገድ ጠርጉና አብራችሁ ቀቅሉ። የእሱ ሁለቱም ግማሽ እኩል መጥቆር አለበት።